ጎንበስ ብሎ የሚታይ ጭረት

ታላላቅ ነገሮች በታላላቅ ከተሞች ብቻ ይፈጸማሉ ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ቡታጅራን አያውቃትም ማለት ነው። የፊታውራሪና የቀኛዝማች ዘመን ገና ሳያልፍ፣ በዚህች ከተማ፣ ስሙን ለክብሩ ስል በማልጠቅሰው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የአንድ መኪና በር ተጫረ። ተጫረ ብዬ ብቻ ባልፈው የመሥሪያ ቤቱን ድካም መናቅ ይሆንብኛል። ጭረቱ ተጠንቷል፣ ተለክቷል፣ ስብሰባ ተቀምጦበታል፣ ፍየል ታስሮበታል፣ ቅቤ ፈስሶበታል። ሌላው አገር በቸልታ የሚያልፈውን ነገር የእኛ ሹማምንት በምን ያህል ትጋት እንደተከታተሉት ትውልድ ሊያውቀው ይገባል።

መኪናው ጥቁር አረንጓዴ ላንድሮቨር ነው። ከአዲስ አበባ በመጣ ሰሞን ከመስቃን ገጠር ሰው በእግሩም በጋሪም እየመጣ አይቶታል፤ በሩ ላይ መልኩን አይቶ ጥምጣሙን ያስተካከለም አለ። ባለመኪናው፣ ማለትም መንግሥት ለሥራ የሰጣቸው ግን ከአባታቸው የወረሱት የሚመስላቸው፣ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ቀኛዝማች አስረስ ናቸው። ቀኛዝማች ከወደ ሰሜን ተሹመው የመጡ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚረዝም፣ ከካባቸውና ከከዘራቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። ከዘራው ጫፉ ላይ ሹል ብረት አለው። መሬት ሲነካ ግን ያየ ሰው የለም። ቀኛዝማች ከዘራ የሚይዙት ለድጋፍ ሳይሆን ለማዕረግ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ብረቱን ወደ ኋላ ያሾሉታል።

ጠዋት ጠዋት የሚሆነው እንዲህ ነው። ላንድሮቨሩ ግቢ ይገባል። ሾፌሩ ሳኒ ሮጦ በሩን ይከፍታል። ቀኛዝማች ይወርዳሉ። ሳኒ በሩን ይዘጋና እዚያው አጠገቡ ያጎነብሳል። ከጸሐፊው ከአቶ ፈቃደ እስከ ዘበኛው ባልቻ ድረስ ያለን ሠራተኞችም ግራና ቀኝ ተሰልፈን እጅ እንነሣለን። እጅ ሲነሣ እንደ ደንቡ ዓይን መሬት ላይ ነው። አለቃ ከመኪና ሲወርድ ቀና ብሎ ማየት አለቃን እንደ መመዘን ይቆጠር ነበር። ቀኛዝማች ጀርባቸውን ለተዘጋው በር ሰጥተው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዞር እያሉ ሰላምታችንን ይቀበላሉ። ወደ ግራ ሲዞሩ ከኋላቸው «ክርርር» ይላል። ወደ ቀኝ ሲዞሩም «ክርርር» ይላል። ከዚያ ቢሯቸው ይገባሉ።

ድምፁን ሁላችንም ሰምተናል። ማናችንም ግን አላየንም፤ ደንቡ አይፈቅድማ።

አንድ ቀን ቀኛዝማች ለምሳ ሲወጡ ፀሐይ በሩ ላይ አርፋ ኖሮ ጭረቱን አዩት። ከእጀታው ዝቅ ብሎ የሚጀምር፣ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ፣ ነጭ መስመር ነው። ባለበት ቆሙ። ከዘራው ብብታቸው ሥር ነበር።

«ማነው ይህን ያደረገ?» አሉ።

ሁላችንም ወደ መሬት አጎነበስን።

«ሳኒ! አንተ ነህ?»

«ኧረ ወላሂ እኔ አይደለሁም ጌታዬ!»

«ታዲያ ማነው?»

ሳኒ ከዘራውን አየ። ቀጥሎ የቀኛዝማችን ፊት አየ። ቀጥሎ እቤት ያሉት ሚስቱ አሚኔና ልጆቹ ታዩት።

«አላየሁም፤ አጎንብሼ ነበር ጌታዬ።»

«መቼ?»

«እኔ ሁልጊዜ ነው የማጎነብሰው።»

«አንተስ ፈቃደ?»

«እኔ መሬቱን እየተመለከትሁ ነበር ጌታዬ» አሉ አቶ ፈቃደ። «መሬቱ ላይ ምንም ጉድለት አላየሁም።»

ቀኛዝማች ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ፊታውራሪ ገብረእግዚአብሔር የመንግሥት ንብረት አያያዛችንን ሊቆጣጠሩ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። በዚያን ዕለት በዚህ በር ላይ አንዲት መስመር ብትገኝ፣ ሳኒ፣ ቁልፉን አስረክበህ መንገድህን ታያለህ! ሰምተሃል?»

ሳኒ ሰምቷል። ይህችን መሪ ለመጨበጥ ስንት ዘመን ከቆሼ ከተማ በርበሬ በሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ጆንያ እየተሸከመ፣ ለሾፌሩ ጎማ እያጠበ ኖሯል። የመንግሥት ሾፌር ከሆነ ወዲህ አማቱ እንኳ ሲገባ ብድግ ይሉለታል። እውነቱን ለመናገር በዚያን ቀን አንጀቴን በላኝ። ይሁን እንጂ ሐዘኔም እንደ ደንቡ ወደ መሬት የሚመለከት ሐዘን ነበር።

በነጋታው «የበር ጭረት አጣሪና አስወጋጅ ጊዜያዊ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ አቶ ፈቃደ ሆኑ። የኮሚቴውን ሥራ የከፈቱበት ንግግር በአገራችን አስተዳደር ውስጥ ልዩ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ነው።

«ክቡራን» አሉ፣ የሰማነው ሁላችን የአንድ ቢሮ ሰዎች ብንሆንም። «ጭረት ሲባል ምንድን ነው? ጭረት ማለት ቀለም መኖር በሚገባው ሥፍራ ቀለም ያለመኖሩ ሁኔታ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ የተጨመረ ነገር የለም። የተጨመረ ነገር ከሌለ ደግሞ የምናስወግደው ነገር የለም። ይህ ግን እሱን ከማስወገድ ሊያግደን አይገባም።»

ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተደረገ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ እስካሁን ግን ንግግሩ አልገባኝም።

ኮሚቴው ወንጀለኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። የገበያ ቀን ስለነበር አንዲት ፍየል ከገበያተኛው መሀል አምልጣ ግቢ ገብታ የላንድሮቨሩን ጎማ ስትልስ ተገኘች። ወዲያው ተያዘች። ባለቤቲቱ ሃሊማ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች እየሮጠች መጣች።

«ፍየሌ ምን አጠፋች?»

«በመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት በማድረስ ተጠርጥራለች» አሉ አቶ ፈቃደ።

«በምኗ?»

«በቀንዷ ነዋ!»

«ወላሂ ቀንድ የላትም! ኧረ እይዋት እስቲ!»

አቶ ፈቃደ መነጽራቸውን አድርገው ፍየሏን አዩዋት። እውነትም የፍየሏ ራስ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው።

«ጥርጣሬያችንን ያጠነከረውም ይኸው ነው» አሉ። «መሣሪያውን የት ጣለችው?»

ፍየሏ በባልቻ ጠባቂነት በግቢው ጥግ ታሰረች። ባልቻ በዚያ ሰሞን ሻዩን በወተት ይጠጣ ጀመር። በነጋታው ጠዋት ቀኛዝማች ሲወርዱ ግን እንደ ወትሮው «ክርርር» አለ፤ በመስመሩ ላይ መስመር ተጨመረ። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ፍየሏ ነፃ ናት ይል ነበር። የእኛ ኮሚቴ ግን በቀላሉ የሚታለል አይደለም። ፍየሏ እስር ቤት ሆናም ጭረቱ ከቀጠለ፣ ውጪ ያሉ ግብረ አበሮች አሏት ማለት ነው ሲል ወሰነ። ግብረ አበሮቿን እንድታጋልጥ ጊዜ ተሰጣት። ምንም ስላልተናገረች ሁለተኛ እንዳይለምዳት ተመክራ ተለቀቀች።

«ምክሩን ሰምታለች?» ብላ ጠየቀች ሃሊማ፣ ገመዱን እየተቀበለች።

«ራሷን ነቅንቃለች» አላት ባልቻ።

ወንጀለኛው እስኪገኝ ጭረቱን ማስወገድ ግድ ሆነ። እዚህ ላይ አቶ ፈቃደ የአገሩን ሀብት አስታወሱ። የሰው ቆዳ ሲሰነጠቅ በቅቤ ይታሻል፤ በር የመኪና ቆዳ ነው፤ ስለዚህ በሩ በቅቤ ይታሽ አሉ። ቅቤው ተራ ቅቤ እንዳይሆን ታስቦ ከአገና ከተማ ድረስ ተልኮ፣ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ፣ ለሠርግ ክትፎ የሚሆን ቅቤ መጣ። ሳኒ እያዘነ ቀባው።

ጭረቱ ጠፋ! ዓይኔ እያየ ጠፋ። ቅቤው መስመሩን ሞልቶት በሩ እንደ ድሮው አበራ። ኮሚቴው ተቃቀፈ። አቶ ፈቃደ «ሳይንስ ማለት ይህ ነው» ሲሉ ፀሐይዋ ወጣች።

ከዚያ በኋላ በከተማው የሆነውን የማያስታውስ ሰው ካለ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞት ነበር ማለት ነው። ላንድሮቨሩ ባለፈበት መንገድ ሁሉ ሰው ሳያስበው ቆጮ ያምረው ጀመር። ሱቁን ዘግቶ ምሳ ፍለጋ የሄደ ነጋዴ ነበር፤ ገና ማለዳ ነው። ውሾቹማ ከየመንደሩ ተጠራርተው ከመኪናው ኋላ ሰልፍ ያዙ። ቀኛዝማች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አዩና በጣም ደስ አላቸው።

«አየህ ሳኒ» አሉ፣ «እንስሳ እንኳ ሥልጣን ያውቃል።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ያቺ ቀይዋ ምላሷን ለምን ታወጣለች?»

«አክብራዎት ነው ጌታዬ።»

መኪናው እንደቆመ ውሾቹ አክብሮታቸውን በምላሳቸው ገለጡ። ምላሳቸው ያልደረሰበትን ለመድረስ በሩ ላይ ቆሙ። ቅቤው አልቆ ሲታይ የቀኛዝማች መስመር እንዳለ ሆኖ የውሾቹ ጥፍር ዙሪያውን አስጊጦታል። ኮሚቴው ሁኔታውን «ከፊል መሻሻል» ብሎ መዘገበ።

ሳኒ ተስፋ ቆረጠ። አንድ ቀን ከሥራ መልስ አሚኔ ራት እያቀረበች ፊቱን አየችው።

«አሁንም ያ በር ነው?»

«እሱ ነው።»

«ሰውዬው ራሳቸው ናቸው የሚጭሩት አላልከኝም?»

«ቀስ በይ! ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ይሰማል።»

«ታዲያ ንገራቸዋ!»

«ምን ብዬ? ጌታዬ፣ የሚፈልጉት ሌባ ካባዎ ውስጥ ነው ልበላቸው?»

«ለምን ከዘራውን ልያዝልዎ አትላቸውም? ሰው ለታላቁ ዕቃ ይይዛል፣ ምን ነውር አለው?»

ሳኒ ሚስቱን በአድናቆት አያት። ይህን ያህል ብልህ ሴት ይዞ የኮሚቴ ደጅ መጥናቱ አበሳጨው። በማግሥቱ በሩን ከፍቶ እጁን ዘረጋ።

«ጌታዬ፣ ከዘራዎን ልያዝልዎ?»

ቀኛዝማች እንደ ተወጋ ሰው ደነገጡ። «ከዘራዬን? ነገ ደግሞ ካባዬን ልትል ነው? ከነገ ወዲያስ ወንበሬን? ማነው የላከህ?»

«ኧረ ማንም! ከባድ መስሎኝ ነው!»

«የመንግሥት ኃላፊነት ከባድ ነው፤ እኔ ግን ተሸክሜዋለሁ!» አሉና ከዘራውን ብብታቸው ሥር ጠበቅ አድርገው ዞር አሉ። ክርርር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለሳኒ የቀረው የጥርስ ሳሙና ብቻ ነበር። በለስላሳ ጨርቅ እየቀባ፣ ክብ ክብ እያዞረ፣ ከሥራ በኋላ በሩን ያሸዋል። ልጆቹ ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ በሩ በሳሙና ያድር ነበር። ሥስ ሥሱ ጭረት እየለቀቀ ሲሄድ ይደሰታል፤ ጠዋት ቀኛዝማች ሲወርዱ ደስታው ያበቃል።

የፊታውራሪ መምጫ ሲቃረብ አቶ ፈቃደ የመጨረሻውን ሐሳብ አፈለቁ። «በሩ የሚጫረው ስላለ ነው» አሉ። «ይነሣ!»

በሩ ተፈቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኛ። ባልቻ ዘብ ቆመለት። ቀኛዝማች በር በሌለው መኪና በአንድ እጃቸው ወንበሩን፣ በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን ይዘው እስከ ቆሼ ተጉዘው ሲመለሱ፣ ከወፍጮ ቤት የወጣ ዱቄት ፈጪ መስለው ነበር። «አየሩ ለጤና ተስማሚ ነው» አሉ፣ አሸዋ እየተፉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ግራና ቀኝ ሲዞሩ ከኋላቸው «ፏስስ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የወንበሩ ቆዳ ተቀደደ። ይህ ከበር ጋር ግንኙነት የሌለው ጉዳይ በመሆኑ ሌላ ኮሚቴ ተቋቋመለት።

በሩ ግን ከረመ፣ አልተጫረም። ሳኒም ግምጃ ቤት እየገባ አሸው፤ በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዘውን ጥልቅ መስመር ቀለም ለቅልቆ እንደገና አሸው። የቁጥጥሩ ቀን በሩ ተመልሶ ሲገጠም ላንድሮቨሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ዕለት የነበረውን መሰለ። ቀኛዝማች ደግሞ በዚያን ቀን ከዘራቸውን እቤት ትተው መጡ። ከበላይ ፊት ከዘራ ሸጉጦ መቆም ነውር ነዋ! ሳኒ ይህን ሲያይ ደስ አለው። እንጀራው ተረፈች።

ፊታውራሪ ገብረእግዚአብሔር መጡ። ግዙፍ፣ ዝግተኛ፣ በቀኝ እጃቸው ጣት ላይ የፈረስ ዓይን የሚያህል ፈርጥ ያለበት ቀለበት ያደረጉ ሰው ናቸው። ቀኛዝማች በሩ አጠገብ ቆመው ንግግር አደረጉ።

«ይህ በር» አሉ፣ «ከጠላት ምቀኝነትና ከፍየል ተንኰል ተጠብቆ ለዚህ የበቃው በእኔ በራሴ ትጋት ነው። ሾፌሩንም አላምነውም፤ ጸሐፊውንም አላምነውም። በዚህ በር ላይ ከእኔ በቀር የማንም እጅ አላረፈበትም!»

የሳኒ ጣቶች የጥርስ ሳሙና ይሸታሉ።

«ግሩም ነው» አሉ ፊታውራሪ፤ ወደ መኪናው ተጠጉ። እኛ ሁላችን እጅ ነሣን። ዛሬ ግን አብረውን ያጎነበሱ አንድ ሰው ነበሩ። ቀኛዝማች አስረስ፣ በሩ አጠገብ ሳኒ ዘወትር በሚቆምበት ሥፍራ ቆመው፣ አፍንጫቸው ከእጀታው ትይዩ እስኪሆን ዝቅ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ዝቅታ ምን እንደሚታይ አዩ።

ፊታውራሪ «ታምራለች፣ ታምራለች» እያሉ በዚያ ባለቀለበት መዳፋቸው በሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ፈረስ ጎን ደባበሱት። ክርርር።

ከዚያ መኪናውን በዝግታ ዞረው ተመለሱ። ጎንበስ አሉ።

«ቀኛዝማች፣ ይህ ምንድን ነው?»

ቀኛዝማች አፋቸውን ከፈቱ። ቀለበቱን አዩ። አፋቸውን ዘጉ።

«ጭረት ነው ጌታዬ።»

«ማነው የጫረው?»

ሳኒ ዓይኑን ጨፈነ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ በመዳፉ ጨበጠው። ቀኛዝማች ወደ ሳኒ ጣታቸውን ሊቀስሩ ሲሉ ፊታውራሪ ቀደሟቸው።

«ከእኔ በቀር የማንም እጅ አላረፈበትም ብለውኝ ነበር።»

«ብያለሁ ጌታዬ።»

«እንግዲያስ?»

ቀኛዝማች ወደ እኛ ዞሩ። ሁላችንም መሬቱን እየተመለከትን ነበር። ፊታቸውን ላብ አጠመቀው።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አሉ።

«በምን?»

«በ... በከዘራዬ።»

ግቢው በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። አቶ ፈቃደ ለማጨብጨብ እጃቸውን አንሥተው ራሳቸውን ሊያኩ እንደፈለጉ አስመሰሉ። «አልሐምዱሊላህ!» የሚል ድምፅ ሳኒን አመለጠው። ስንት ስብሰባና ስንት ቅቤ ያላወጣውን እውነት ቀኛዝማች በገዛ አፋቸው ተናገሩት፤ ያውም ባልጫሩት ቀን።

«ከዘራዎ የታለ?» አሉ ፊታውራሪ።

«እቤት ነው ጌታዬ።»

«እቤት ሆኖ ነው የጫረው?»

«ረጅም ነው ጌታዬ።»

ፊታውራሪ ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥፋቱን የሚያምን ሹም አገኘሁ። መልካም ነው። ያበላሸ ያስተካክል፤ እዚሁ እያየሁ ያሹት።»

ሳኒ የጥርስ ሳሙናውንና ጨርቁን አመጣ። ቀኛዝማች ካባቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ።

«ዝቅ ይበሉ ጌታዬ» አለ ሳኒ፣ ከላያቸው ቆሞ። «ክብ ክብ ያድርጉት። አይ፣ አይጫኑት! ቀስ!»

«እንዲህ?»

«እንዲያ። ጨርቁን ይንከሩት።»

ቀኛዝማች እስኪያልባቸው አሹ። መስመሩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። በእፎይታ ቀና አሉ። ፊታውራሪ በዚያኛው ወገን ተሻግረው፣ ሌላኛውን በር በክንዳቸው ተደግፈው፣ ባለቀለበት እጃቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው፣ ለአቶ ፈቃደ ስለ ንብረት አያያዝ ረጅም ምክር እየሰጡ ነበር። በምክሩ መሀል እጃቸው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

ክርርር አለ።

ቀኛዝማች ማንም ሳያዛቸው ጨርቁን ነክረው ወደዚያኛው በር በጉልበታቸው ሄዱ።